ሰላሳና ስልሳ

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ይህን ደብተር ትልቋ ልጄ ነች ያመጣችልኝ። "አባባ፣ ትእዛዝ ስትቀበል እዚህ ላይ ጻፍ፤ ሁሉን በጭንቅላትህ አትያዝ" ብላ። እሺ ብያታለሁ። ትእዛዝ ብቻ ከጻፍኩበት ግን ደብተሩ ከኔ አልፎ ለልጅ ልጄ ይተርፋል። ስለዚህ የመጣልኝን ሁሉ እጽፍበታለሁ።

ዛሬ ጥሩ ነገር መጣ። ማዞሪያው ላይ የተሠራው አዲሱ ሆቴል በታኅሣሥ መጨረሻ ይከፈታል፤ ለምግብ ቤቱ መክተፊያ ይፈልጋል። መክተፊያ ይባል እንጂ ማንም አይከትፍበትም፤ ምግቡን ደርድረው ለእንግዳ የሚያቀርቡበት ነው። ከወይራ፣ እጀታ ያለው፣ የሆቴሉ ምልክት በእሳት የተተኮሰበት። ያዘዘችኝ ዕቃ ገዢዋ ነች፣ በስልክ። ጥድፍ ጥድፍ ትላለች። የዛሬ ልጆች አንዱን ቃል ሳይጨርሱ ሌላውን ይጀምራሉ። ሰላሳ አለች። ጻፍኩት፦ ሰላሳ።

ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ "ደግመህ ጠየቅካት?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ቁጥሩን ነዋ።"

"ሰላሳ አለች፣ ሰላሳ አልኩ። ምኑ ይደገማል?"

ምንም አላለችም። ብላም እንደሆነ አልሰማኋትም። ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ነው የምታወራው። ይህ አመል የመጣባት በቅርቡ ነው።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

አንዲት ነርስ ያዘዘችኝን ማስታወሻ ልትወስድ መጣች። ጡረታ ለምትወጣ አለቃቸው የሚሰጡት ትንሽ ሳጥን ነው፣ ክዳኑ ላይ ጽሑፍ የተቀረጸበት። ፊደሉን በመሮ ሳወጣ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ወድጄው ነበር። ክዳኑን አየችና ፊደሉን በጣቷ ተከተለች። ከዚያ ሳቀች።

"ጋሼ፣ 'ለእናታችን' ነበር እኮ ያልኩዎት።"

እኔ የቀረጽኩት "ለእህታችን" ነው።

እንደገና ልሥራው ብላት አሻፈረኝ አለች። "ግድ የለም፣ እንዲያውም ደስ ይላታል። ሃያ ዓመት ቀነሱላት" ብላ ይዛው ሄደች። ደግ ልጅ ነች። ግን ስታዝ አፏን በጭምብል ሸፍና ነበር፤ ሰው በጨርቅ ውስጥ እያወራ እንዴት ይሰማል? ይህንኑ ለባለቤቴ ነገርኳት። "እውነትህን ነው፣ ጭምብሉ ነው" አለችኝ። ቶሎ ስትስማማልኝ ደስ አይለኝም።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ጣውላው ገባ። ሻጩን "አቶ ነገ" ነው የምለው፤ ምን ብትጠይቀው መልሱ "ነገ" ነው። ዛሬ ግን በቃሉ ተገኘ። ወይራው ደረቅ ነው፣ ከባድ ነው፣ መስመሩ እንደ ውሃ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ መጋዙ ላይ ነበርኩ። ማታ ራሴ ውስጥ ፉጨት አለ። ትራስ ላይ ስተኛ ይብሳል። ድካም ነው። እንቅልፍ ያስለቅቀዋል።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ልጄ ከነልጇ ለምሳ መጡ። ቤት ሲሞላ ደስ ይለኛል፣ ግን ሁሉም ባንዴ ነው የሚያወራው። እኔ እየበላሁ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሲስቁ እስቃለሁ።

የልጅ ልጄ ተለውጣብኛለች። ድሮ ትምህርት ቤት የዋለችውን ሁሉ ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ ትተርክልኝ ነበር። አሁን ዝም ብላ እጄን ይዛ ትስበኛለች፤ ማሳየት የፈለገችውን በጣቷ ታሳየኛለች። ሥዕሏን አመጣችልኝ፤ ሥዕሉን አየሁ፤ ሄደች። ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ዓይን አፋር ይሆናሉ መሰለኝ።

ሳህን ይዤ ወደ ጓዳ ስገባ ባለቤቴና ልጄ አንገት ለአንገት ገጥመው ይንሾካሾካሉ። ሲያዩኝ አቆሙ። "ከሱ ጋ መጣላት አልችልም፤ አንቺው ንገሪው" የሚል ነገር ነው የያዝኩት። ተናጋሪዋ ማን እንደሆነች እንኳ አልለየሁም። ምኑን ነው የሚነግሩኝ? ቴሌቪዥኑን ይሆናል። ድምፁን ከፍ አድርጌ እንደምሰማ ተናግረው ጨርሰዋል።

ማታ ባለቤቴን "ምን ስታወሩ ነበር?" አልኳት።

"ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው" አለችኝ፣ ዓይኗን ከስፌቷ ሳታነሳ።

እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። የሴቶች ወሬ ነው።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ማንቆርቆሪያው ተቃጠለ። ባለቤቴ ጎረቤት ሄዳ ሻይ ልጥድ ብዬ ነው። እዚያው ጓዳ ተቀምጬ አንዲት ትንሽ እጀታ በብርጭቆ ወረቀት ሳለሰልስ፣ የተቃጠለ ብረት ሸተተኝ። ዞሬ ሳይ ውሃው አልቆ ቂጡ ቀልቷል። ይህ ማንቆርቆሪያ ሲፈላ ያፏጭ ነበር። አርጅቶ ፉጨቱ ተዘግቷል።

ስትመጣ ይህንኑ ነገርኳት። አነሳችው፣ አጠበችው፣ ውሃ ሞልታ ጣደችው። ከዚያ ክንዷን አጣጥፋ ቆመች። ማንቆርቆሪያውን ሳይሆን እኔን ታያለች።

"ምን ታዪኛለሽ?"

"ዝም ብዬ ነው።"

እንፋሎቱ ሲወጣ አየሁ። እሷ እንደቆመች ናት። ከብዙ በኋላ እሳቱን አጠፋችና እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ አለፈች። እኔ ሻይ ነው የፈለግኩት፤ ሻዩን ረሳችው።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ቅርጹ አልቋል። ማለስለስም ሊያልቅ ነው። እጄ ዛለ፣ ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት አይታጠፉልኝም።

ዛሬ ዘይት መቀባት ጀመርን። ይህ የባለቤቴ ሥራ ነው፤ ከተጋባን ጀምሮ። ሰምና ዘይት አሙቃ፣ በአሮጌ ካናቴራ ጨርቅ ታሻለች። እንጨት መጀመሪያ ዘይት ሲነካው እንደሚነቃ ሰው ነው፤ የተኛው መስመር ሁሉ ብድግ ይላል። ስንቱን ዓመት አይቼው ዛሬም ሥራዬን አቁሜ አያለሁ።

እያሸች አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ጥያቄ መሆኑን ከቅንድቧ አውቄዋለሁ። ማሽኑን ገና ማጥፋቴ ነበር፤ ጆሮዬ ውስጥ ገና ይጮሃል። "እሺ" አልኳት። እሷም ራሷን ነቀነቀች። እሺ ከሆነ እሺ ነው።

ስለደከመኝ ነው እንጂ ደግሜ እጠይቃት ነበር።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ዛሬ ቀኑ ጠማማ ነው።

ዕቃ ገዢዋ ራሷ መጣች። ረጅም ተረከዝ ያለው ጫማ ነው ያደረገችው፤ ሰጋቱራው ውስጥ ይሰምጥባታል፣ እሷም ትስቃለች። መክተፊያዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች አየች፣ አሸተተች፣ በመዳፏ ዳሰሰች። መውደዷን አየሁ። ከዚያ ወደ ጥጉ ተመለከተች፣ ቀጥሎ ወደ በሩ።

"የቀረውስ ጋሼ?"

"የቱ የቀረ?"

"ግማሹ ነው እኮ ይሄ። ስልሳ ነው ያዘዝነው።"

"ሰላሳ ነው ያልሽው።"

"ስልሳ ነው ያልኩት። ሁለቴ ነው ያልኩት።"

"ልጄ፣ ጽፌዋለሁ እኮ" ብዬ ደብተሩን አወጣሁ። ይኸው ሰላሳ ይላል። የጻፍኩት እኔው፣ ምስክሩ እኔው። እሷ ትንሽ ወደ ኋላ አለችና "እሺ፣ ግን አይጩኹብኝ" አለች። እየጮህኩ አልነበረም። ወይስ እየጮህኩ ነበር?

ባለቤቴ ከጀርባዬ መጥታ እጇን ጀርባዬ ላይ አደረገች። "እናደርሳለን የኔ ልጅ፣ አታስቢ" አለቻት። ከዚያ ሁለቱ ወደ በሩ ሄደው ትንሽ አወሩ። ዞረው አዩኝ። የታመመ ሰው እንደሚታይ ነው ያዩኝ። አልታመምኩም። ደክሞኛል እንጂ።

የቀረውን ሰላሳ እስከ ታኅሣሥ 20 ለማድረስ ቃል ተገባ። ቃሉን የገባችው እሷ ናት፤ የምሠራው እኔ።

ሰላሳና ስልሳ በስልክ ማንንም ሰው ያደናግራሉ። ማንንም ሰው።

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

አቶ ነገ ነገ አለኝ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ጣውላ መጣ። እንደ ፊተኛው አልደረቀም። ጊዜ የለም። መጋዝ፣ መላጊያ፣ መጋዝ።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ሁለት ተሰነጠቁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ስልኩን አሁን እሷ ነች የምታነሳው። "አንተ ሥራህን ሥራ" አለችኝ። ለኔ አስባ ነው። ምሳ ላይ ደግሞ "ሠራኸው?" አለችኝ።

"ምኑን?"

ትንሽ አየችኝ። "ተወው፣ ከሆቴሉ ሥራ በኋላ ይደርሳል" አለች። ልጃችን መጥታ እንድታግዘን ብትጠይቀኝም እምቢ አልኳት። ልጅቷ የራሷ ሥራ አላት፣ መድኃኒት ቤት ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። ደግሞ ስትመጣ ዓይኗ ያስፈራኛል። የሚለካኝ ይመስለኛል።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

ወድቃለች። ሆስፒታል ነን። ዳሌዋ ነው አሉ።

ደብተሩ ኪሴ ውስጥ ተገኘ። የማደርገው ስለሌለኝ እጽፋለሁ። እዚህ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሷል፤ እኔ ብቻ ከራስ እስከ እግር ሰጋቱራ ነኝ። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ዱቄቱ ይረግፋል። ነርሶቹ ስሟን ሲጠሩ እንዳያልፈኝ አፋቸውን እያየሁ ነው።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ። ብረት አስገብተውላታል። አሁን ተኝታለች፤ ልጄ አጠገቧ ናት፣ እኔን "ሂድ፣ ታጠብ" ብላ ወደ ቤት ሰደደችኝ። ታጥቤያለሁ። እንቅልፍ ግን እምቢ አለ፤ ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ሥራ ቤት ነበርኩ። ሥራ ቤቱ ከጓዳው በር ጓሮውን ተሻግሮ ነው፤ ቅርብ ነው፣ ከጓዳ የሚወጣ ሽታ ይደርሰኛል። እሷ ልብስ ልታሰጣ ከጓዳው ስትወጣ በሩ ላይ ያለው የእንጨት ደረጃ ከድቷት ወደቀች። ጠራችኝ። ማሽኑ እየሠራ ስለነበረ አልሰማሁም። ባጥሩ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ነው የሰማት። አጥሩን ዞሮ፣ በሩን ከፍቶ፣ አይቷት፣ ወደኔ ሮጠ። ትከሻዬን ሲነካኝ ዘልዬ ተነሳሁ፤ ተቆጣሁትም። "በር አታንኳኳም?" አልኩት። አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉን መያዝ አቃተኝ። እጄን ይዞ ጎተተኝ።

ደረጃው ሥር ነበረች። የታጠበው ልብስ ዙሪያዋን ተበትኗል። ስደርስ አየችኝ። ያለችኝ የመጀመሪያ ቃል "ጨርቁን አንሳው፣ ይቆሽሻል" ነው።

ሆስፒታል ልጄ እንደደረሰች "አባባ፣ እንዴት አልሰማሃትም? እዚያው እኮ ነው!" አለችኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ባለቤቴ ካልጋዋ ላይ ሆና፣ ሕመሙ ፊቷን አጥቁሮት፣ "ማሽኑን ከፍቶ ነበር። በዚያ ድምፅ ማን ይሰማል?" አለቻት።

"አዎ፣ ማሽኑ" አልኩ እኔም።

ማሽኑ ነው። ያ ማሽን ሲሠራ ግድግዳው ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ማሽኑ ባይኖር እንዴት አልሰማትም? የሚስቱን ድምፅ የማይሰማ ሰው አለ?

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ

ልብስ ሰፊው ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃት መጣ። ጥሩ ሰው ነው፣ ወሬ ይወዳል። ልጄ ተነስታ ሁለት እጁን ይዛ አመሰገነችው። "እርስዎ ባይሰሙ ኖሮ…" ብላ እንባዋ መጣ።

"ኧረ እኔ ምን አደረግኩ?" አለ። "መብራት መጥፋቱ በጀን እንጂ። ቀኑን ሙሉ አልነበረም አይደል? የኔ የስፌት መኪና እየተንጫጫች ቢሆን ኖሮ ምን እሰማ ነበር? ዝም ስላለ ነው የሰማሁት። መጀመሪያማ ድመት መስሎኝ ነበር። ድምፅዋ ተዘግቶ ነበራ፣ ምስኪን።"

እሱ ብርቱካን መላጥ ጀመረ።

ልጄ አየችኝ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች፤ ግን ስትተኛ እንዴት እንደምትተነፍስ አውቃለሁ፣ አልተኛችም።

አዎ፣ መብራት አልነበረም። ማሽኑ ቆሞ ነበር። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ በብርጭቆ ወረቀት እጀታ አለሰልስ ነበር፣ በእጄ። ጸጥታውን ወድጄው ነበር። እሑድ ማታ እዚህ ስጽፍም ይህን አውቀው ነበር። ገጹን መለስ ብዬ አነበብኩት፤ ማሽኑን ስንቴ ጠርቼዋለሁ። ማሽኑ ምን አደረገ?

ሁለቱ ከሄዱ በኋላ ወንበሬን ወደ አልጋዋ አስጠጋሁ። ከንፈሯን ማየት የምችልበት ቦታ ላይ። አሁን ገባኝ፣ ሁልጊዜ እዚያ ቦታ ላይ ነው የምቀመጠው።

"ስንቴ ጠራሽኝ?"

"አንድ ሁለቴ።"

"ድምፅሽ ተዘግቶ ነበር አለ።"

"እሱ ወሬ ያበዛል።"

"ለልጅቷ ለምን ዋሸሻት?"

ጣሪያውን አየች። "ታዲያ ምን ልበላት? የማይሰማ ባል ነው ያለኝ ልበላት? አንተ ሳታውቀው እንዴት ለሷ እነግራታለሁ?"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ዕድሜዬን በሙሉ ስለ ሐሜት የተተረተ ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፣ እሱንም ጠየቅኳት። ስለ ደረጃው። ተላቆ ነበር፤ ያን ቀን ሳነሳት አይቼዋለሁ፣ ሚስማሩ ወጥቶ ነበር። እንጨት ሠራተኛ ቤት፣ የእንጨት ደረጃ።

"ነግሬህ ነበር" አለች፤ ወቀሳ አልነበረበትም፣ ደክሟት ነበር። "ዘይት ስንቀባ። 'ደረጃው ሊጥለኝ ነው፣ ትሠራልኛለህ?' አልኩህ። እሺ አልከኝ።"

እሺ። ስንት እሺ ብያለሁ በዚህ ዓመት? ምን ምን ላይ?

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ጠዋት ደረጃውን ሠራሁ። በሚስማር አይደለም፣ አውጥቼ ጣልኩት፣ ከተረፈው ወይራ አዲስ ሠርቼ በብሎን አሰርኩት። ዝሆን ቢወጣበት አይነቃነቅም። ጠቅሟታል ማለት አይደለም።

ከዚያ ሆቴል ሄድኩ። መደወል እችል ነበር። አልችልም እንጂ። ያ ነው ነገሩ።

ዕቃ ገዢዋ ሣጥን በሣጥን ላይ በተቆለለበት ቢሮ ውስጥ ነበረች። ወንበር ሰጠችኝ፤ መስኮቱ ከጀርባዋ ስለነበረ ፊቷ ጠቆረብኝ። "ልጄ፣ እዚህ ጋ ብትቀመጪ ይሻለኛል፤ አፍሽን ካላየሁ አይገባኝም" አልኳት። ያልተለመደ ልመና ነው፤ ግን ተነስታ መጣች።

"ስልሳ ነው ያልሽኝ። ትክክል ነሽ። እኔ ነኝ ሰላሳ የሰማሁት። ጆሮዬ አይሰማም።"

ለማንም ብዬው አላውቅም። ለራሴም። ሌላ ሰው የተናገረው መሰለኝ።

የባለቤቴንም ነገር ነገርኳት፣ የቀረው ሰላሳ እንደማይደርስም። ወደ ታች አየች። ለካስ ከመምጣቴ በፊት ጉዳዩ አልቋል። ሥራ አስኪያጁ ፈርቶ ቀሪውን ከሌላ ቦታ አዟል፤ ከፋብሪካ የሚመጣ፣ የተጨመቀ እንጨት። "እኔ የእርስዎን ነበር የምፈልገው" አለች። አመንኳት። "በስልክ ማዘዜ ጥፋት ነው፣ መምጣት ነበረብኝ" አለች ደግሞ።

"አይደለም" አልኳት። "ጥፋቱን አትካፈይኝ።"

የደረሱትን ሰላሳ ተረከበች። በጅምር የቀሩት ሥራ ቤት ውስጥ ተደርድረዋል፤ ምልክት የላቸውም፣ ዘይት አልነካቸውም።

ከተናገርኩት ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። ወደ ቤት ስሄድ ሁለት ጊዜ አጥር ላይ ተደግፌ አረፍኩ።

ታኅሣሥ 23፣ ረቡዕ

ልጄ ለጆሮ ምርመራ ወሰደችኝ። ፈቃድ ጠይቃ ነው ከሥራ የቀረችው። መንገድ ላይ ክንዴን ይዛ መኪና በሚያልፍበት በኩል የምትሄደው እሷ ነበረች፤ ይህንንም ዛሬ ነው ያየሁት፣ ከጀመረች ግን ቆይታለች።

ግድግዳው በስፖንጅ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ነው። መርማሪዋ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጋ፣ እጄ ላይ ቁልፍ ሰጠችኝ። ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መጫን ነው። በመስታወቱ ማዶ ተቀምጣ መሣሪያዋን ትነካካለች። ጥቂት ሰማሁ፣ ተጫንኩ። ከዚያ ጸጥ አለ። ተዘጋጅቼ ጠበቅኩ። ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ።

በሩን ከፍታ ገብታ ማዳመጫውን አወለቀችልኝ።

"ሌላውን መቼ ትጀምሪያለሽ?" አልኳት።

"ጨርሰናል አባቴ።"

ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ማሽኑ ነው አለች መርማሪዋ። ለካስ ማሽኑ ነበር፤ የዓርብ ዕለቱ አይደለም እንጂ፣ የሰላሳ ዓመቱ። ቀጭን ድምፅ ነው መጀመሪያ የሚሄደው። የሴትና የሕፃን ድምፅ። ወፍራሙ ስለሚቀር ሰው የሚሰማ ይመስለዋል። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን የሚያጎላ መሣሪያ አለ። ባለቤቴ ከዓመታት በፊት የጆሮ መከለያ ገዝታልኝ ነበር። ያሞቃል ብዬ ትቼው ነበር።

ታኅሣሥ 25፣ ዓርብ

ቤት ገባች። አልጋውን ሳሎን አደረግነው። ልጄ "እኔ ጋ ትሁን" ብላ ለመነች፤ እሷ "በራሴ ቤት ነው የምድነው" አለች፤ አለቀ።

እኔ ማብሰል ጀምሬያለሁ። ካልጋዋ ሆና ታዘኛለች፣ አንድ ነገር ስታዝ ሳሎን ድረስ ሄጄ አፏን አይቼ እመለሳለሁ። ሽንኩርት አንሳ ስትለኝ ሦስቴ ተመላለስኩ። "ሳይበስል ታረጃለህ" አለችኝ።

"ያምሻል?" እላታለሁ።

"አያመኝም፣ ደህና ነኝ።"

ሐኪሙ ሕመም ይቆያል ብሎ ነበር። እሷ ግን ጠንካራ ናት።

ጥር 4፣ እሑድ

ዓርብ ዕለት መሣሪያው ተገጠመልኝ። ከባቄላ ፍሬ ትንሽ ይበልጣል። ነገሩን ሲያወሩት ተአምር ይመስላል፤ ለኔ ግን ጆሮዬ ውስጥ ጠጠር እንደ መዝራት ነው። ሁሉም ነገር ጫጫታ ነው። የጫማዬ ሶል ያፏጫል። ማንኪያ ሳህን ሲነካ ጥርሴን ያመኛል። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል፣ አሁንም፣ ይህን ስጽፍ። ሥራ ቤት ገብቼ ብርጭቆ ወረቀቱን እንጨት ላይ አንዴ ሳብ አደረግኩት፤ ቶሎ መሣሪያውን አወለቅኩት።

መርማሪዋ "ቀስ በቀስ ይለመዳል፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያድርጉት" ብላለች። ልጄ ስትደውል "አድርገኸዋል?" ትላለች። አዎ እላለሁ። ሣጥኑ ውስጥ ነው።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

በጅምር ከቀሩት ሦስቱን አለሰለስኩ። ማን እንደሚገዛቸው አላውቅም። እጅ ሥራ ካልያዘ ሐሳብ ይይዛል።

ባለቤቴ መሣሪያውን ለምን እንደማላደርግ ጠየቀችኝ። ይጮሃል አልኳት። "እኔ አልጮህብህም፣ ቤት ውስጥ ብቻ አድርገው" አለች። ከዚያ "ለኔ ስትል" አለች። ይህን ቃል በቀላሉ አታወጣውም።

ጥር 7፣ ረቡዕ

ከምሳ በኋላ መሣሪያውን አደረግኩ። እሷ ለማሸለብ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ቤቱ ጭር ብሏል። ጫጫታውም ከፊተኛው ቀን የቀነሰ መሰለኝ።

ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን፣ አጭር። የበር ማጠፊያ መሰለኝ። ተነስቼ በሩን አየሁ፣ ዝግ ነው። መስኮቱንም አየሁ። ተመለስኩና ስቀመጥ እንደገና መጣ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። አልጋው ይሆን ብዬ ጎንበስ አልኩ።

እሷ ነች።

ለመገላበጥ ትሞክርና ሲያቅታት ነው። ትንፋሿን ትይዛለች፣ ትንሽ ትንቀሳቀሳለች፣ ያቺ ድምፅ ታመልጣታለች፣ ታርፋለች። ጥርሷን ነክሳ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው ያዞረችው ለዚህ ነው። ከሆስፒታል ከመጣች ጀምሮ፣ እኔ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ "ደህና ናት፣ ጠንካራ ናት" ስል፣ እሷ እዚህ እንዲህ ነበረች። ድምፅዋን መደበቅ እንኳ አላስፈለጋትም። ፊቷን ማዞር ብቻ በቅቷታል።

ስንት ዓመት ነው ፊቷን ያዞረችብኝ?

ቁጭ ብዬ ላለቅስ እችል ነበር። አይጠቅማትም ነበር። ሄጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተንበረከክኩ፣ አንዱን እጄን ከወገቧ ሥር፣ አንዱን ከጉልበቷ ሥር አስገባሁ፣ ሆስፒታል እንዳሳዩን። ደነገጠች።

"ምን ሆንክ?"

"ላገላብጥሽ ነው።"

"አያመኝም እኮ።"

"ያምሻል።"

"ማን ነገረህ?"

"ሰማሁሽ" አልኳት።

አንገቷን መልሳ አየችኝ። ጆሮዬን አየች፣ ከዚያ ፊቴን። "አያመኝም" ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ አውቀዋለሁ፣ ያን ቃል ካፏ ላይ ለይቼ አውቀዋለሁ። ዘጋችው።

"ቀስ ብለህ ታዲያ" አለች። "በግራ በኩል ነው የሚብሰኝ። ሌሊት ደግሞ ይጠናል።"